ሰው የሌለበት ተራራ

አንድ የምጠላው ሥዕል አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፋሲል ግንብ ከፊት ለፊት፣ ከጀርባው ብርቱካናማ ሰማይ፣ በአንድ ጎኑ ዛፍ፣ በሌላው እንስራ ያዘለች ሴት። ሴትዮዋ ፊት የላትም። ጎንደር ውስጥ በየሆቴሉ ሎቢ፣ በየካፌው፣ በየቢሮው እንግዳ መቀበያ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ወንድምም አለው፤ የስሜን ተራሮች፣ ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ ተደራርቦ፣ አንድ ዋልያ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ሩቅ ሲያይ። ቤት የለም። ማሳ የለም። መንገድ የለም። ሰው የለም።

ሠዓሊዎቹን ልሰድብ አይደለም የተነሣሁት። ብዙዎቹ እጃቸው ጎበዝ ነው፤ ያንን ግንብ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠሩታል፣ ችግሩም እሱ ነው። የሚሠሩት ስለሚሸጥ ነው። የሚገዛው ደግሞ ለዓመታት ቱሪስቱ ነበር፤ ሦስት ቀን የሚቆይ፣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር የሚፈልግ፣ አገሩ ገብቶ ሲሰቅለው "የት ነው ይሄ?" እንዲባልለት የሚፈልግ ሰው። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ከዚያ የክልሉ ግጭት መጣና ያ ገዢ ቀረ። ሥዕሉ ግን አልቀረም። አሁን የምንገዛው እኛ ሆነናል፤ ወይ እሱኑ፣ ወይ ደግሞ ከዚያ የባሰውን፤ ሦስት ቦታ የተቆረጠ የስዊዘርላንድ ተራራ ፕሪንት፣ ከሶፋው ቀለም ጋር የሚሄድ።

ክርክሬ አጭር ነው። ደመወዝ የሚያገኝ ወጣት የመልክዓ ምድር ሥዕል መግዛት አለበት፤ ሲገዛ ግን ሰው የተጠረገበትን ተራራ መግዛት የለበትም። ይሄ ሁለተኛው የጣዕም ጉዳይ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ትንሽ ዞር ብዬ ነው የምመጣው።

በጎንደር ዘመን ሥዕል ያሠራ ሰው አይደበቅም ነበር። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያየ ያውቃል፤ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የዚያ ዘመን ሌሎች ባለጸጎችም እንዲሁ ከሥዕሉ ግርጌ ወድቀው ይታያሉ። ከፋዩ የሥዕሉ አካል ነው። ማን አሠራው፣ ለምን አሠራው ብለህ አትጨነቅም፤ እዚያው ተኝቶልሃል። የዛሬው የሎቢ ሥዕል ከፋይም እኮ ሥዕሉ ውስጥ አለ፣ ግን አይታይም። ብርቱካናማው ሰማይ እሱ ነው። ፊት የሌላት ሴት እሱ ነው። ባዶው ተራራ እሱ ነው። ሠዓሊ የሚያየውን ብቻ አይደለም የሚሥለው፤ ገዢው ማየት የሚፈልገውንም ይሥላል። ስለዚህ ሥዕሉ እንዲለወጥ የፈለገ ሠዓሊውን ከሚመክር ይልቅ ገዢ ይሁን።

"መልክዓ ምድር መሣል ባህላችን አይደለም" የሚል አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሱን የሚያቆመው እዚህ ወይም እዚያ ተብሎ በሚጠራ ቦታ አይደለም፤ በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ጀርባው ከብጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየተሸጋገረ ያልቃል፣ በቃ። ጉዳዩ ሰማይ ነው እንጂ ወገራ አይደለም። ግን እነዚያው ጎንደሬ ሠዓሊዎች እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም የታተመ የዐረብኛ ወንጌል እጃቸው ሲገባ ምን አደረጉ? የአንቶኒዮ ቴምፔስታን የእንጨት ላይ ቅርጽ ሥዕሎች ወስደው፣ አፍርሰው፣ ፊቱን የራሳቸው ፊት፣ ልብሱን የራሳቸው ልብስ፣ ቀለሙን የራሳቸው ቀለም አድርገው ሠሩት። ዛሬ "የጎንደር አሣሣል" ብለን የምንኮራበት ነገር አንዱ ምንጩ ይሄ ነው። ከውጭ መውሰድ ነውር ሆኖ አያውቅም። ደግሞስ ዘመናዊው የሥዕል ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው? አፈወርቅ ተክሌም የስሜን ተራሮችን ሥሏል። "ባህላችን አይደለም" የሚባልበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል።

አገሩን እየተመለከተ በወረቀት የሚያሰፍር ሰው ጎንደር ላይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሉዊጂ ባሉጋኒ ይመስለኛል፤ የቦሎኛ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ከጄምስ ብሩስ ጋር በሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ጎንደር ገባ። ኮሶውን፣ እንሰቱን፣ ቅጠሉን ከነደም ሥሩ ሣለ። ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ አገሩ ገብቶ መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው፤ ባሉጋኒ ዐባይ ምንጭ ድረስ አብሮት መሄዱንም ደበቀ። የባሉጋኒ ሥራ ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ይሄን የማነሣው ሥዕል ላይ ከማንም በፊት የሚጠፋው ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው። አንዳንዴ የሣለው ይጠፋል፣ አንዳንዴ የተሣለው።

አሁን ወደ ተራራው።

እ.ኤ.አ. በ1871 ቶማስ ሞራን የሚባል ሠዓሊ ከአንድ የመንግሥት የጥናት ቡድን ጋር ወደ የሎውስቶን ሄደ። ያመጣቸው የውኃ ቀለም ሥዕሎች ከፎቶግራፎች ጋር ለአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ታዩ፤ በመጋቢት 1872 የሎውስቶን የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ የሞራንን ግዙፍ የሸለቆ ሥዕል በ10,000 ዶላር ገዛ። ሥዕሉ ያምራል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ያ አገር ባዶ አልነበረም። ሾሾኒዎች፣ ክሮዎች፣ ባኖኮች ያድኑበት፣ ይከርሙበት ነበር፤ ፓርኩ ከመጣ በኋላ እንዲወጡ ተደረገ። ሥዕሉ ማንንም አላፈናቀለም፣ ሥዕል ጠመንጃ የለውም። ሊኖር የሚገባው መሬት ምን ይመስላል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱን አስቀድሞ ሰቀለው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ የገቡት ቦታዎች 12 ነበሩ። የሎውስቶን አንዱ ነው። የእኛ ላሊበላ አንዱ ነው። ስሜንም አንዱ ነው። ስሜን ፓርክ የሆነው ከዚያ ቀድሞ በ1969 ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከምክንያቶቹ መካከል የሰው ሰፈራው፣ እርሻውና ግጦሹ ነበሩ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ወደ 2,500 የሚጠጉ ሰዎች፣ ወደ ደባርቅ እንዲወርዱ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት ስሜን ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን ይሄን ነገር አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ ብሎ መጽሐፍ ጽፎበታል።

ግጦሹ ሣሩን እንዳራቆተው፣ ዋልያውም መጠለያ እያጣ እንደነበር የማይክድ ነው። ስለ ፓርኩ ፖሊሲ እዚህ ልፈርድ አልችልም፣ የሥዕል ጽሑፍ ነው የያዝኩት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዋልያውና ባዶው ገደል ያሉበት ሥዕል ግጭ ከመነሣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ሎቢው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ገበሬው መጀመሪያ የተነሣው ከሸራው ላይ ነው። ትውልዱ ሁሉ ስሜንን ያወቀው በዚያ ምስል ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ስሜን ገብስ ያጭድ የነበረ ሰው ሆኖ ሲመጣ "ይሄ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?" ማለት ቀላል ሆነ። እዚያው ጎንደር ከተማ የሚኖር፣ ቅድመ አያቱ ጃናሞራ የተቀበሩ ሰው እንኳ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ።

ተራራን ከነሰዉ መሣል እንደሚቻል ለማየት ጃፓን መሄድ ያስፈልጋል፣ ይቅርታ። ሆኩሳይ የፉጂን ተራራ በተከታታይ ሕትመት አወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ፣ "ሠላሳ ስድስት ዕይታዎች" ብሎ፤ ተወዶ ኋላ 46 ደረሰ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ፉጂ ብቻውን ጎልቶ የሚታይበት ጥቂቱ ነው። በቀረው ላይ ሰው ሥራ ላይ ነው። በርሜል ሠሪው ትልቅ ክፍት በርሜል ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲልግ፣ ተራራው በበርሜሉ ክብ ውስጥ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ዓሣ አጥማጁ ገመድ ይጎትታል። ነፋስ የአንዱን ወረቀት ይበትነዋል። ሰማያዊው ቀለም ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ቅድም ስለ ቴምፔስታ ያልኩትን አስታውሱ። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ገዢው ነው። ሕትመቱ ርካሽ ነበር፤ ተራው የከተማ ሰው ገዝቶ ቤቱ ይወስደዋል። ያ በርሜል ሠሪ ሥዕሉ ውስጥ የገባው በርሜል ሠሪን የሚያውቅ ሰው ስለገዛው ነው።

እሺ፣ ሥዕል ፊት ስንቆም ምኑን እንይ?

ስሜን ላይ መጀመሪያ የምትጠይቁት፤ መሬቱ ይወጣል ወይስ ይወርዳል? ተራራ ሲባል ሹል ጫፍ፣ ከታች ሆኖ ሽቅብ የሚታይ ነገር ነው የሚመጣብን። ስሜን እንዲያ አይደለም። ሳንቃበር ወይም እሜት ጎጎ ላይ የቆመ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ቁልቁል ነው የሚያየው፤ አምባው፣ ሹላ ሹላው ዐለት፣ ቆላው ሁሉ ከእግሩ ሥር ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ እንኳ ከሩቅ ሲያዩት ሹል ቆብ አይመስልም። ስለዚህ መሐል ላይ አንድ ሹል ጫፍ ቀጥ ብሎ የቆመበት "ስሜን" ካያችሁ ሠዓሊው የቀን መቁጠሪያ ነው ያየው። ከዚያ ርቀቱን እዩ። ሩቅ ተራራ የሚሰማያዊው በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው አብልጦ ስለሚበትን ነው፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነውና ቡናማው ዐለት ሩቅ ድረስ ቡናማ፣ ጠርዙም ስለታም ሆኖ ይዘልቃል። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ቆላው ላይ አቧራና ጭስ ይንሳፈፍና ሁሉም ነገር ወተት ይመስላል። በኅዳር የተሣለና በመጋቢት የተሣለ ሥዕል አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካላቸው ሰማያዊው የመጣው ከቱቦው ነው፣ ከስሜን አይደለም።

ጅብራን እዩ። ጅብራ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ሜዳ ሙሉ ጅብራ ሁሉም ያን ረጅም አበባ አውጥቶ ከተሣለ ሠዓሊው አንዱን ከፎቶ ወስዶ ሃያ ጊዜ ገልብጦታል፤ እኛ ኮድ ላይ የምንሠራትን ወንጀል ማለት ነው። አስታው፣ ጓሳው፣ ቀጋው ከፍታውን ተከትሎ ቦታ ቦታውን ይዟል ወይ?

በመጨረሻ ቆርቆሮውን ፈልጉ። ከጎንደር እስከ ዳባት፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ መንገድ ዳር ያለውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ሳያይ መሄድ አይችልም። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፤ ዝጎ ሲቡናም ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል። ባሕር ዛፉ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው፣ የቴሌኮም ማማው አለ። ሠዓሊው ይሄን ሁሉ አጥፍቶ የሣር ክዳን ጎጆ ይተካል። ባሕር ዛፍ ግን ይተወዋል፤ "ጥንታዊ" ብሎ የሚሸጠው የአፄ ፋሲል ዘመን ጎንደር ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ቆሞ አይቼ ስቄያለሁ። ቆርቆሮ ያስጠላል የሚል ካለ ቀለሙን አላየውም። አንድ ሠዓሊ ቆርቆሮን በትክክል መሣል ከቻለ፣ ማለትም ግራጫ ሳይሆን የዛን ሰዓት ሰማይ ያረፈበት አድርጎ ከሣለው፣ ያለኝን ሁሉ ከፍዬ እገዛዋለሁ።

አሁን "በሰው ሠራሽ አስተውሎት በነፃ አስወጥቼ ባሳትመውስ?" የሚለውን ሰው እሰማዋለሁ። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይሄን ጥያቄ በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። ሞክሬዋለሁ። ስሜን ስለው ሹል ጫፍ፣ ጫፉ ላይ በረዶ፣ ከፊቱ ሐይቅ ሰጠኝ፤ ጎንደር ስለው ግንቡን የተረት ቤተ መንግሥት አደረገው። አይገርምም። ሞዴሉ የሚያውቀው በብዛት የተለጠፈውን ነው፤ በብዛት የተለጠፈው የሎቢው ሥዕልና የአስጎብኚው ፎቶ ነው። የሎቢውን ሥዕል ጠልተን ወደ ማሽኑ ብንሄድ የሎቢዎችን ሁሉ አማካይ ነው የምናገኘው። ማንም የትም አልቆመበትም።

"ኢንቨስትመንት" የሚሉትም አሉ። የጁሊ ምሕረቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ላይ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ስለተሸጠ ቦሌ ሻይ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የጥበብ ነጋዴ ሆኗል። ኧረ ተዉ። ለትርፍ ከሆነ ሌላ ነገር ግዙ። ለትርፍ የሚገዛ ሰው ቱሪስቱ ያደረገውን ነው የሚያደርገው፤ ሌላው የሚፈልገውን እየገመተ ይገዛል፣ ሠዓሊውም ግምቱን ይሠራለታል።

ጎንደር ላይ "ሥዕል ሰብሳቢ" የሚለው ቃል መልካም ስም እንደሌለው አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግሪዮል ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራውን ቅጂ ለጥፎ ሄደ፤ ዋናዎቹ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ስለዚህ ብራና ላይ ተሠርቶ በጭስ "ያረጀ" ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚያሳያችሁ ሰው ሲመጣ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው፤ ወይ ውሸት ነው፣ ወይ እውነት ሆኖ ስርቆት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ለዚሁ አለ። እኔ የምለው መሰብሰብ ከሕያው ሠዓሊ፣ ከእጁ፣ ስሙንና ቀኑን አስፈርሞ መግዛት ነው። ሠዓሊውን "ጋሼ፣ የት ቆመው ነው የሣሉት?" ብላችሁ ጠይቁት። የቆመ ሰው መልሱ አያልቅም፤ ነፋሱን፣ እረኛው ያለውን፣ ቀለሙ ሊደርቅ ሲል የመጣውን ካፊያ ሁሉ ይነግራችኋል። ያልቆመ ሰው "ስሜን" ብሎ ዝም ይላል። የነገራችሁን ከሸራው ጀርባ በእርሳስ ጻፉት፤ ቦታ፣ ወር፣ ስም። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ አትስቀሉት፤ ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግም አርቁት፣ የዘይት ቀለም ጭስ ይጠጣል።

ገንዘቡስ? ዕቁብ። በእውነት ነው የምለው። ለሶፋ ዕቁብ እንጥላለን፣ ለስልክ እንጥላለን፣ ለሠርግ እንጥላለን። አሥር ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል በየወሩ 20,000 ብር ለአንድ ሠዓሊ ነው፤ ዕጣ የደረሰው ገንዘቡን ሳይሆን ሥዕሉን ይወስዳል፣ ምን እንደሚሣልም እሱ ከሠዓሊው ጋር ይነጋገራል። ለሠዓሊው ደግሞ አንድ ትልቅ ሽያጭ ካለበት ዓመት ይልቅ አሥር ወር የተረጋገጠ ሥራ ይበልጥበታል። ግንቡን መሥራት የሚያቆመው ያኔ ነው።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጀምረነዋል፣ ገና ስድስት ሰው ነን። ዕጣው ሲደርሰኝ የማሠራውን አውቄዋለሁ። ደባርቅ፣ የግጭ ሰዎች ወርደው የሰፈሩበት ሰፈር፣ ጠዋት፣ ቆርቆሮው ገና ብርድ እያለ፤ ሰዉ በር ላይ፣ ተራራው ከኋላ ባለበት ቦታ። ሠዓሊውን አነጋግሬዋለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን እሄዳለሁ ብሏል፤ ትራንስፖርቱና የአራት ቀን አልጋው ግን ለብቻ ይታሰባል።